ማድያትና ሌዘር

ሰላም፦ ዳዊት፣ ማድያት የወጣባቸው እህቶቻችን «በሌዘር ይጠፋልሻል» እየተባሉ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ቆዳቸው ነው።

ዳዊት፦ ያሳስባል እንጂ! ተመራማሪዎቹ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 እ.ኤ.አ. ያስረዱት የሌዘር ሕክምና መርህ ጨረሩ የተፈለገውን ቀለም ብቻ መርጦ እንዲያሞቅ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከላይ ሞልቷል፤ ጨረሩን እሱ ይውጠዋል።

ሰላም፦ ከዚያ ያቃጥላል፤ ከበፊቱ የባሰ ጥቁረትም ሊተው ይችላል።

ዳዊት፦ በተለይ አይፒኤል የሚባለው የብርሃን ብልጭታ። እሱ እንዲያውም ሌዘር አይደለም። ባለ 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ ሌዘር ሜላኒን ብዙም ስለማይውጠው ይሻላል፤ ማድያት ግን ከእሱም በኋላ ሊመለስ ይችላል።

ሰላም፦ እባካችሁ አድማጮች፣ ከመክፈላችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ይያችሁ። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞከርላችሁ።

ዳዊት፦ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱም አይቋረጥ፤ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለሙ ቢሆን ይመረጣል።