የወረቀት ገንዘብ፣ ሕጉና የመጨረሻው ያዥ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሱዳኗ ጋላባት በአንዲት ትንሽ ወንዝ ብቻ የምትለየው መተማ ዮሐንስ የገንዘብን ጠባይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የምታውቅ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያ ገበያ ቡናው፣ ሰሙና ጥጡ፣ የሚያሳዝነውም የሰው ልጅ ጭምር፣ በጠገራ ብር ይሸጥ ነበር። ጠገራው ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 ሆኖ ሳለ፣ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ካረፉ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ እንኳ በሮም፣ በሎንዶንና በፓሪስ ይመታ ነበር። የባዕድ አገር ገንዘብ አስመስሎ መሥራት ለተራው ሰው ወንጀል፣ ለመንግሥታት ግን ንግድ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጠገራውን ማንም ይምታው ማን፣ ያዡ አይጐዳም ነበር፤ ዋጋው በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ይገኝ ነበርና።

የወረቀት ገንዘብ እንዲህ ያለ መያዣ የለውም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ጠገራ የለመደው ሕዝብ ወረቀቱን እንዲያምን ከአሜሪካ በተገኘ ብር የተሠራ የአምሳ ሳንቲም አብሮ መውጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ወረቀቱን ገንዘብ የሚያደርገው ሕግ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕጉ ወረቀቱን በብርቱ ይጠብቃል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ገንዘብ አስመስሎ መሥራትን ከከባድ ወንጀሎች ይቈጥራሉ። በሌላው ዓለምም ጥበቃው ጥብቅ ነው። በሀንጋሪ የታተሙ የሐሰት የፈረንሳይ ፍራንኮች እ.ኤ.አ. በ1925 ከተያዙ በኋላ፣ በ1929 በጄኔቭ የተፈረመው ስምምነት በገዛ አገር ገንዘብና በውጭ አገር ገንዘብ ላይ በሚፈጸም ወንጀል መካከል የቅጣት ልዩነት እንዳይደረግ ደነገገ። የብርና የሱዳን ፓውንድ፣ በነጋዴው አፍ የጊኔ፣ መገናኛ ለሆነ የጠረፍ ገበያ ይህ ትርጕም ያለው ድንጋጌ ነው። ክልከላው ለመማሪያና ለማስታወቂያ የሚሆነውን ሥዕል እንዳያግድ መንገድ የፈለጉ አገሮችም አሉ፤ በአሜሪካ የዶላር ባለቀለም ሥዕል የሚፈቀደው በአንድ ገጽ ብቻ ታትሞ፣ መጠኑ ከእውነተኛው ከሦስት አራተኛ ያነሰ ወይም ከአንድ ተኩል እጥፍ የበለጠ ሲሆን ነው።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከአታሚው ወዲህ ነው። ሰሊጥ ሲያጭድ ሰንብቶ ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ሳሉግ በመካከሉ የሐሰት መቶ ብር ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ወደ ባንክ ቢወስደው ኖቱ ይያዝበታል፤ ምትክ ግን አይሰጠውም። ዐውቆ ለሻይ ቤት ቢያሻግረው ደግሞ፣ በቅን ልቦና ተቀብሎት የነበረ ቢሆንም ወንጀለኛ ይሆናል። ሕጉ የመጀመሪያውን ሠሪ ለይቶ ያውቃል፤ ኪሳራው ግን ኖቱ በእጁ ሳለ ምሥጢሩ በተገለጠበት በመጨረሻው ያዥ ላይ ይወድቃል። ቅንነት በገንዘብ የሚያስቀጣበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ወረቀትን ማጥፋት ሌላው ገጽ ነው። ግለሰብ አንድ ኖት ቢያቃጥል የሚከስረው በዋናነት ራሱ ነው፤ በአዋጅ የሚሊዮኖችን ኖት ወደ ተራ ወረቀት የሚለውጥ ግን መንግሥት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ይህን በ1969 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የያዙትን ኖቶች ስትለውጥ፣ በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ባወጣችበት ጊዜ፣ እንደገናም በ2013 ዓ.ም. አድርጋዋለች። የመጨረሻው ለውጥ መስከረም 4 ቀን ይፋ ሲሆን አሮጌዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ እንዲመለሱ ተወሰነ፤ ባለ 200 ብርም አዲስ ገባ። የተነገሩት ምክንያቶች፣ ማለትም ኮንትሮባንድ፣ ከባንክ ውጭ የተከማቸ ገንዘብና የሐሰት ኖት፣ መተማን በቀጥታ የሚመለከቱ ነበሩ።

ነገር ግን ሦስቱ ወር በምዕራብ ጐንደር ቈላ የሰሊጥ አጨዳና ሽያጭ ወራት ናቸው። ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ገንዘቡን በጥሬው ተቀብሎ በመቀነቱ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ለመለወጥ የባንክ ሒሳብ መክፈት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ባለ ሒሳቡ ነጋዴ በቶሎ የሚጨርሰው ጕዳይ ለእርሻ ሰፈር ሰው የመንገድና የወረፋ ጕዳይ ይሆናል። ለባለ ኮንትሮባንዱም ለአጫጁም ቀኑ አንድ ነው። የቀን ገደብ የለውጡ ጕልበት መሆኑ አይካድም፤ ገደቡ ካላጠረ የተደበቀው ገንዘብ መውጫ ያገኛል። ቢሆንም ቀኑ ሲቈረጥ ከአዲስ አበባው የሒሳብ ዘመን ጋር የቈላው የአዝመራ ዘመንም ቢታይ የሕጉ ዓላማ ባልተጐዳ ነበር።

ከወንዙ ማዶ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ብዙ ስደተኛ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። በኅዳር 2024 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶች እንዲለወጡ ወሰነ፤ ልውውጡም የተካሄደው የጦር ሠራዊቱ በያዛቸው ግዛቶች በሚገኙ ባንኮች ነበር። አሮጌውን ኖት በልብሱ ሰፍቶ ድንበር የተሻገረ ስደተኛ ገንዘቡን ለማዳን ትቶት ወደ ሸሸው አገር መመለስ ነበረበት።