ትርንጎ፦ የሚበላው ነጩ ነው

(አጭር ሙዚቃ)

ከአምቦ ወይም ከጉደር ገበያ ትርንጎ አግኝታችሁ እንደ ሎሚ ልትጨምቁት ከሆነ፣ ቆዩማ! ጭማቂው ጥቂት ነው። ቁም ነገሩ ወፍራሙ ነጭ ሥጋው ነው፤ የላዩን ስስ ልጣጭ አንሡና ነጩን ቆራርጣችሁ ብሉት። ፔክቲን የተባለ አሰር አለው፤ ሆድ ድርቀትን ያላላል፣ ማርማላታን የሚያረጋውም እሱው ነው። ቫይታሚን ሲም ይገኝበታል። ሎሚ ራሱ ከትርንጎ የተዳቀለ ነው፤ ገበያውን ግን ልጅየው ወሰደው!

ያቺን ጥቂት ጭማቂ አምቦ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ ደስ ይላል። ጨጓራ የሚያማችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ከጠጣችሁ በኋላም ጥርሳችሁን ወዲያው አትቦርሹ፣ አሲዱ ገለፈቱን ያለሰልሰዋልና። ለደም ግፊት ወይም ለስኳር የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደግሞ በትርንጎ አትተኩ።

(ሙዚቃ)