«ሶሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የዓርብ ጠዋት የአማርኛ ክፍል አስተማሪዎች የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ ስለ አንዲት ቃል ብቻ እንናገራለን። ቃሏ እንግሊዝኛ ናት፤ ይሁን እንጂ እዚህ ሐርጌሳ በሁላችንም ቤት ትኖራለች። «ሶሪ» ትባላለች። ልጆቻችን ብርጭቆ ሲሰብሩ ሶሪ፣ ያልሰሙትን ሲያስደግሙ ሶሪ፣ በሰው ፊት ሲያልፉ ሶሪ ይላሉ። እኛ ወላጆችም ብንሆን ከእነሱ አንሻልም።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን አንድ ለቅሶ ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት አባቷ አገር ቤት ዐርፈው መርዶ ተነገራትና ልናጽናናት ሄድን። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከእናቱ ጋር መጣ። አንገቱን ደፍቶ እጇን ጨበጠና «ሶሪ» አላት። እሷም በእንባዋ መካከል ቀና ብላ «አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ ልጄ?» አለችው። ልጁ ግራ ገባው። እኛ ይባስ ብለን እዚያው ሰው ፊት «ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም» ብለን አረምነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ክፍል አልመጣም።

በእነዚያ ሳምንታት መዝገበ ቃላት አገላበጥን። ለካስ ልጁ በእንግሊዝኛው አልተሳሳተም! ሶሪ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣችው ቁስልንና ሕመምን ከሚገልጽ ቃል ነው። የመጀመሪያ ትርጉሟም «ልቡ የታመመ፣ ያዘነ» ማለት ነበር። ጥፋትን አምኖ ምሕረት መለመኛ የሆነችው በኋላ ነው። ኬንያውያን የሥራ ባልደረቦች ያሏችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ስትደናቀፉ «ሶሪ» ይሏችኋል። የገፉአችሁ እነሱ ስላልሆኑ ትገረሙ ይሆናል፤ ነገር ግን በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ ወስደውት ነው። እኛ «እኔን!» ብለን የምንጮኽበት ቦታ ላይ ማለት ነው።

እንግሊዝኛው ራሱ ሌሎች ቃላት አጥቶ አይደለም። በሰው ፊት ለማለፍ «ኤክስኪውዝ ሚ»፣ ያልሰሙትን ለማስደገም «ፓርደን» አለው። «ሪግሬት» የምትባለውን ደግሞ ከመካከላችን የቪዛ መልስ የደረሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ወረቀት ላይ ታዝናለች እንጂ ምንም አትመልስም። «አፖሎጂ» የምትለዋ ግን አስቃናለች። በግሪክኛ መነሻዋ ተከሳሽ ለራሱ የሚያቀርበው መከላከያ ነበረች። አንዳንዶቻችን ይቅርታ ስንጠይቅ «እኔ እኮ እንዲህ ያልኩት አንተ እንዲያ ስላልክ ነው» የምንለው ሳናውቀው ግሪክኛ ተናግረን ኖሯል።

ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ ሶሪ በአንድ ከረጢት የያዘችውን አማርኛ ለየብቻው አስቀምጦታል። ያጠፋ ሰው «ይቅርታ» ይላል፤ «ይቅር» ማለት «ይተው፣ አይታሰብ» ነውና ተበዳዩ ነገሩን እንዲተው መለመን ነው። ለታላቅ ሲሆን «አፉ በሉኝ» ይባላል፣ መልሱም «አፉ ብያለሁ» ነው። ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» እንላለን፤ ሕመሙ በእኔ ይሁን ማለታችን ነው። ለፈራና ለተከፋ «አይዞህ»፣ ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»። ለእያንዳንዱ ስብራት የራሱ መጠገኛ አለው። እርግጥ ልጆቹን ስናጠናቸው የቃላቱ ብዛት ያደክማቸዋል፤ አንዷ ተማሪ «ሶሪ አይሻልም?» ብላናለች።

የምንኖርበት አገር ሰዎችም ይህን በሚገባ ይለያሉ። የሶማልኛው «ኢጋ ራሊ አሆው» ቃል በቃል «በእኔ ደስ ይበልህ» እንደማለት ነው፤ «ራሊ» የመጣችው ከዐረብኛ ነው። ለቅሶ ቤት ግን ይህ አይነገርም፤ እዚያ «ሰሚር ኢዮ ኢማን» ይባላል፣ ትዕግሥትና እምነት ይስጣችሁ ነው። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ማታ የተነሳው እሳት የዋሂን ገበያን ሌሊቱን ሲያነደው ያደረ ጊዜ፣ ሱቁ ዐመድ ለሆነበት ጎረቤት ምን ይባላል? ይቅርታ እንዳንል እኛ አላቃጠልነው። «ኢላሃይ ኸይር ሃ ኩ በደሎ» ይባላል፣ አምላክ በመልካም ይለውጥልህ። አማርኛውም «እግዚአብሔር ይተካልህ» አለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ልጆቻችን ከሁለቱ አንዱን እንኳ ሳይዙ እንዳይቀሩ ነው ስጋታችን።

ቃል ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም ነበር። አባቶቻችን ከባድ በደል ሲሆን ድንጋይ ተሸክመው ነበር የሚቀርቡት። በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ዮሐንስ ለዐፄ ምኒልክ ለመገዛት አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ራስ አሉላን ጨምሮ አብረዋቸው ከነበሩት መኳንንት ጋር ድንጋይ ተሸክመው እንደቀረቡ ታሪክ መዝግቦታል። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው «ስንት ኪሎ?» ብለው ጠየቁን። አላውቅም ማለት ለአስተማሪ ቀላል አይደለም፤ ግን አልን።

በአራተኛው ሳምንት ድንጋይ ባንሸከምም ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድን። እናቱ ሻይ አቀረበችልን፣ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «ሰው ፊት ስላሳፈርንህ ይቅርታ አድርግልን፤ ልክ ነበርክ፣ በእንግሊዝኛ ይባላል» አልነው። ትልልቅ ሰዎች ከልጅ ይቅርታ ሲጠይቁ አይቶ አያውቅም መሰለን፣ ወደ እናቱ ተመለከተ። ብዙ ቆይቶ «አይዟችሁ» አለን። እናቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኛ ግን በዚህኛው አላረምነውም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከፊታችን ካለው ዓርብ ጀምሮ ልጆቹ ቤታቸው የሰሟቸውን እነዚህን የመሰሉ አባባሎች በደብተር ጽፈው ያመጣሉ። የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የሐረሩና የአዲስ አበባው አነጋገር ይለያያልና አያቶች በስልክ የሚሉትንም ይጨምሩ። ልጁ ደብተር ይዞ ሲጠይቃችሁ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሶሪ» እንዳትሉት። ትምህርቱ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል፤ እርሳስና ደብተር እኛ እናዘጋጃለን።