ከቆቃ ግድብ እስከ ዲስክ ካሽ



ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ያህል የማመንጨት ኃይል ነበረው። ከእርሱ በታች በ1966 እና በ1971 የተከታተሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስትም ቆቃ በክረምት አጠራቅሞ በበጋ የሚለቀውን ያንኑ ውሃ መልሰው ይሠሩበታል። ግድቡ ግን ዝናብ አይፈጥርም፤ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል እንጂ። በዲስክ ማከማቻ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው ፈጣን ማቆያ፣ ማለትም ካሽ፣ ተግባሩ ከዚህ አይለይም። ይህን የዘነጋ ባለሙያ ካሹን ባሰፋ ቁጥር ችግሩ የተቃለለ ይመስለዋል።

ነገሩ በሂሳብ ይታይ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጽማል። የማንበቢያ ራሱ እንቅስቃሴ ሲታከልበት በሴኮንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ 80 ያህል ነው፤ ስምንት ዲስኮች 640 ይሆናሉ ማለት ነው። በሬይድ 5 አደረጃጀት ግን እያንዳንዱ አነስተኛ ጽሕፈት ሁለት ንባብና ሁለት ጽሕፈት ስለሚጠይቅ የሚቀረው 160 ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት የሆኑ 300 ጽሕፈቶች በየሴኮንዱ ያለማቋረጥ ቢመጡ፣ 1 ጊጋባይት ካሽ ከሩብ ሰዓት ብዙም ሳይዘገይ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ የዲስኮቹ ፍጥነት ነው። ሥራው ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ተጨናንቆ የሚረግብ ሲሆን ግን ያው ካሽ ጭነቱን ተቀብሎ ቀስ በቀስ ያራግፈዋል። እንግዲህ ከማስተካከል በፊት የሥራውን ጠባይ መለካት ይቀድማል።

ቆቃ ከደጋው በሚወርድ ደለል ብዙ የመያዝ አቅሙን አጥቷል። ካሽም ደለል አለው። ሌሊት የሚከናወነው የመጠባበቂያ ቅጂ ዳግም የማይፈለገውን መረጃ በገፍ እያስገባ ጠቃሚውን ያስወጣል፤ ለዚህ ሥራ የንባብ ካሹን መዝጋት ይበጃል። የመረጃ ቋቱ ሰርቨር የራሱ ሰፊ ማኅደር ካለውም፣ የመቆጣጠሪያውን ካሽ አብዛኛውን ለጽሕፈት መስጠት ይመረጣል።

ዋናው አደጋ ያለው እዚሁ ጽሕፈቱ ላይ ነው። ራይት ባክ በተባለው አሠራር መቆጣጠሪያው መረጃው ገና ዲስክ ሳይደርስ «ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሳል። በባቱ ወይም በሻሸመኔ ያለች ገንዘብ ተቀባይ ይህን ቃል አምና ለባለጉዳዩ ደረሰኝ ትሰጣለች። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ደረሰኙ ይኖራል፣ መዝገቡ ግን የለም። ካሹን በዚህ ጊዜ የሚታደገው የመቆጣጠሪያው ባትሪ፣ ወይም በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ይዘቱን ወደ ፍላሽ የሚያሻግረው ካፓሲተር ነው። ጄኔሬተር አለን የሚለው መልስ አያጠግብም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ማኅደሩን ለማጥፋት በቂ ናቸውና።

ባትሪ ደግሞ በሙቀት ቶሎ ያረጃል፤ በስምጥ ሸለቆው ቆላ ማቀዝቀዣ የሌለው የሰርቨር ክፍል ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ባትሪው ሲደክም ወይም ራሱን ሲፈትሽ መቆጣጠሪያው ወደ ራይት ስሩ ይመለሳል፤ ጽሕፈቱን ዲስክ ሳያደርስ አያረጋግጥም ማለት ነው። ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ስልክ ይደወላል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ባለሙያ ባትሪ ቢኖርም ባይኖርም ራይት ባክ እንዲሠራ የሚያስገድደውን ምርጫ ይከፍትና ምስጋና ያተርፋል። ተገቢው እርምጃ ባትሪውን መለወጥ፣ እስኪለወጥም ዝግመቱን መታገሥ ነው። በዲስኮቹ ውስጥ ያለውን የየራሳቸውን የጽሕፈት ካሽ መዝጋትም እንዲሁ አይዘነጋ፤ የመቆጣጠሪያው ባትሪ ለእነርሱ አይደርስም።