እንቁላሌን ማን እንደሚበላው አውቃለሁ

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የደብረ ብርሃን አባላችን ያቀረበችው ንግግር)

ከእኔ የተሻለ ዶሮ የምታረቡ እዚህ ተቀምጣችሁ ሳለ እኔ መናገሬ ትንሽ ያሳፍራል። ኮሚቴው «ዶሮና እንቁላል በቀጥታ ለጎረቤት ስለመሸጥ ንገሪን» ሲለኝ እሺ ያልኩት ያተረፍኩትን ብቻ ሳይሆን ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ከሂሳቡ ልጀምር። በጓሮዬ 25 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። አንዷ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። ሁሉም በቀን 3 ኪሎ፣ በወር 90 ኪሎ ይበላሉ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ በሠራሁበት ወር መኖ በኪሎ 45 ብር ስለነበር ለመኖ ብቻ 4,050 ብር አወጣሁ። በቀን በአማካይ 18፣ በወር 540 እንቁላል አገኛለሁ። ስለዚህ የአንድ እንቁላል የመኖ ወጪ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ቄቦቹን የገዛሁት አንዷን በ400 ብር ነው። ያንን በሚጥሉበት 14 ወር ሳካፍለው በእንቁላል 1 ብር ከ30 ገደማ ይደርሳል። ለክትባት፣ ለጉዝጓዝና ለሚሰበረው 50 ሳንቲም ጨመርኩ። ድምሩ 9 ብር ከ30 ሆነ።

ነጋዴው ደጄ ድረስ መጥቶ በ10 ብር ይወስድልኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን በ13 ብር ይገዙኝ ነበር፤ ከሱቅ ቢገዙ 14 ብር ይከፍሉ ነበር። ለነጋዴው ስሸጥ በእንቁላል 70 ሳንቲም፣ ለጎረቤት ስሸጥ 3 ብር ከ70 ይተርፈኝ ነበር። በወሩ 540 እንቁላል ሲባዛ አንደኛው 380 ብር አይሞላም፣ ሁለተኛው ወደ 2,000 ብር ይጠጋል። ዋጋው ይለዋወጣልና ቁጥሩን ተዉት፤ አካሄዱን ያዙ። ብዙዎቻችን መኖውን ብቻ እንቆጥርና የቄቧን ዋጋ እንረሳለን። ዶሮዎቹ አርጅተው ሌላ መግዛት ሲያስፈልግ ነው እጃችን ባዶ መሆኑ የሚታወቀን።

ይህ የሦስት ብር ልዩነት ግን በነጻ አይመጣም። ነጋዴው ፊቴን እንኳ አያስታውስም። ጎረቤቴ እንቁላል ሰብራ ቢሸታት ግን ነገ ጠዋት ውሃ ስንቀዳ እንገናኛለን። እሷ የምትገዛው እንቁላሉን ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደተጣለና ማን እንደጣለው ማወቅንም ነው። ስለዚህ እኔ እንቁላሉን በሰበሰብኩ ቁጥር ቀኑን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። አላጥበውም፤ ከታጠበ ቶሎ ይበላሻል። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ከተጠራጠርኩ ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ። ትኩሱ ከታች ይተኛል፤ የቆየው ይቆማል፤ የተንሳፈፈውን ማንም አይብላው። «ይህ ተበላሽቷል» ብላ የመጣችብኝን ደንበኛ ሳልከራከር ሌላ እተካላታለሁ።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም፣ መብላቷንም መጣሏንም አታቆምም። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላስብ ከ200 በላይ እንቁላል ተከምሮብኝ በርካሽ በትኜዋለሁ። አሁን ጾሙ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ለሙስሊም ጎረቤቶቼ፣ ትናንሽ ልጆች ላሏቸው እናቶችና ለአንድ ኬክ ጋጋሪ ስንት እንደሚፈልጉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ያረጁትን ዶሮዎች ከቅበላ በፊት እሸጣለሁ። የሐበሻ ዶሮና አውራ ያላችሁ ደግሞ እንቁላል በሚረክስበት በዚያ ወቅት ብታስታቅፉ ጥሩ ነው። በ21ኛው ቀን ጫጩት ታያላችሁ። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ግን አትታቀፍም፤ አውራ ከሌለም እንቁላሏ አይፈለፈልም።

ሦስተኛው ዱቤ ነው። ጎረቤትን ብር መጠየቅ እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ለሁሉም አንድ ደንብ አወጣሁ። ከ30 እንቁላል በላይ ዱቤ የለም፤ የፊተኛው ሳይከፈል ሁለተኛ አይሰጥም። ስትወስድ እሷው ፊት በደብተር እጽፋለሁ። ደንቡ ለእህቴም ስለሚሠራ እስካሁን የተቀየመኝ የለም።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ 20 ዶሮዎች ነበሩኝ። አትርፌ ልሸጥ ብዬ ከገበያ ስምንት አውራ ዶሮ ገዛሁና ከራሴ ዶሮዎች ጋር ቀላቀልኳቸው። በአራተኛው ቀን አንዱ ክንፉን ጥሎ ፈዘዘ፤ ኩሱ አረንጓዴ ሆነ። ፈንግል እንደሆነ ልቤ አውቆታል። አንዲት የማውቃት ሴት «ሳይሞቱ ቶሎ ሽጫቸው፤ ለሚታረድ ዶሮ ማን ይመረምራል?» አለችኝ። ያበደርኩት ብር የለኝም፤ የተበደርኩት ግን ነበረብኝ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደህና የሚመስሉትን ሦስቱን ሸጥኩ።

አንዱን የገዛችው ቡና የምንጠራራ ጎረቤቴ ናት። ቅዳሜ እስኪታረድ ድረስ ጓሮዋ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዶሮዎቿና ጫጩቶቿ መካከል አሰረችው። ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ በአንድ አለቁባት። የልጆቿ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ከዚያ እንቁላል ነበር። እያለቀሰች የመጣችው እኔ ጋር ነው። እኔም ቡና አፍልቼ «አይዞሽ፣ የእኔም አልቀዋል» አልኳት። እውነቴን ነበር፣ ከሃያው የተረፉልኝ ሦስት ናቸው። ከማን እንደመጣባት ግን አልነገርኳትም።

አምስት ወር ያህል ይህን ይዤ ኖርኩ። እንደገና ስጀምር ከገዛኋቸው ቄቦች አራቱን ይዤ ሄጄ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ገምቼ ነበር» አለች። ቄቦቹን ተቀበለች። ዛሬ እንቁላል ከእኔ ትገዛለች፤ የበዓል ዶሮዋን ግን እስካሁን ከሌላ ሰው ነው የምትገዛው። አልፈርድባትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው እምነትም ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው፤ ምናልባትም ሁሉም አይመለስ።

ይህን የምነግራችሁ አንጀታችሁ እንዲራራልኝ አይደለም። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ታዲያ ለምን አላስከተብኩም? አንዷ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች ትበቃለች። ከተከፈተች ያኑ ዕለት ማለቅ አለባት፤ ቅዝቃዜም ትፈልጋለች። «ለ20 ዶሮ ብዬ ማን ይከፍታታል?» አልኩና ተውኩት። ያችን ብልቃጥ ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋጥተን ብንገዛት ኖሮ የእሷም የእኔም ዶሮዎች ይተርፉ ነበር።

ማህበራችን አሁን ይህንን ነው የጀመረው። በደጋፊዎቻችን እርዳታ የበረዶ ሳጥን ተገዝቷል። የሚቀረው ሥራ የእኛ ነው። በአንድ ሰፈር ያለን በአንድ ቀን፣ አምስት ዶሮ ያላትም ሃምሳ ያላትም ተዋጥተን እናስከትባለን። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ በየስንት ወሩ እንደሚደገም የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይነግረናል።

ከዚህ በተጨማሪ እያንዳንዳችን በየቤታችን ሦስት ነገር እንያዝ። ከገበያ የመጣ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ዶሮዎች አብሉና ቀጥሎ እንግዳውን፣ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። የሞተ ዶሮ ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የታመመ ዶሮ ካለ ከግቢያችሁ ምንም ዶሮ አይሸጥ፤ ደህና የሚመስለውም ቢሆን። በበዓል ዋዜማ ይህ ከባድ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ብር የቸገራት እህት ዶሮዋን ከመሸጥ በፊት ወደ ማህበሩ የቁጠባ ሣጥን ትምጣ። የእኔን ሦስት ዶሮዎች ያሸጠኝ ክፋት ሳይሆን ዕዳ ነበር። ያን ጊዜ የማንኳኳው በር ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

የክትባቱ መዝገብ በሩ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን፣ ሰፈራችሁንና የዶሮዎቻችሁን ቁጥር አስመዝግቡ። አንድ ዶሮ ብቻ ያላትም ትመዝገብ።