የሞተር ሳይክል መሪ ሲንቀጠቀጥ መንስኤውን እንዴት እናገኛለን?

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ የልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
ክቡራን የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፤

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ገልጸዋል። እኔ የምናገረው ባለሙያውንና ግብዓቱን ወደ ቀበሌ ስለሚያደርሰው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ርዕሱ ለበዓል የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በእኔ ቸልተኝነት የአንድ አባላችን ክንድ ተሰብሯል። እኒህ አባት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ታሪኩን እንድናገርም ፈቅደውልኛል።

በዚያ ሰሞን በስንዴ ላይ ቢጫ ዋግ ታይቶ ስለነበር ማሳቸውን አይቼ እንድናስረጭ አብረን እየሄድን ነበር። እሳቸው ከኋላዬ ተቀምጠዋል። የመርጫ መሣሪያው ደግሞ ከእሳቸው ጀርባ ታስሯል። የሞተር ሳይክሉ መሪ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጋሼም ነገሩ ገብቷቸው «ልጄ፣ በሬ እንኳ ሲያነክስ ቀንበር አይጫንበትም። ይኼ ነገር ለምን ይንቀጠቀጣል?» አሉኝ። እኔም «መንገዱ ነው ጋሼ» ብዬ መለስኩ። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ስቀንስ መሪው ግራና ቀኝ እየተወራጨ ከእጄ ወጣ፤ ወደቅን። እኔ ተላልጬ ተነሣሁ። የእሳቸው ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ። ማሳው ሳይረጭ ስምንት ቀን ቆየ። አጨዳቸውንም ጎረቤት በደቦ ነው ያነሣላቸው።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዩሪያ አይፈልግም

ከአደጋው በፊት ምንም አላደረግኩም ማለት አይደለም። ጎሚስታ ዘንድ ወስጄ የፊት ጎማውን አስቀይሬ ነበር። ለሁለት ቀን የተሻለው መሰለኝ፤ ከዚያ ተመለሰ። እኔም ጎማው አዲስ ስለሆነ ጥፋቱን በመንገዱ ላይ ጣልኩ።

በኮሌጅ የተማርነው እንዲህ አልነበረም። የበቆሎ ቅጠል ቢጫ ሲሆን መንስኤው የናይትሮጅን እጥረት፣ ውሃ መተኛት ወይም በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሳውን ሳናይ ዩሪያ ጨምሩ አንልም። የመሪ መንቀጥቀጥም ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው ከሥሩ መጀመር አለብን።

በመጀመሪያ «መቼ ነው?» እንበል

ቁልፍ ከማንሣታችን በፊት መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ እንጻፍ። ነዳጅ ቀንሰን ፍጥነቱ ከ60 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ከሆነ የፊት ጎማውንና የመሪውን አንገት እንጠርጥር። ፍሬን ስንይዝ ብቻ ከሆነ የፊት ፍሬኑን፣ እንዲሁም የላላ አንገትን እንይ። ዕቃ ስንጭን ብቻ ከሆነ ነገሩ ከጭነቱ አቀማመጥና ከኋላ ጎማው ሊሆን ይችላል። ይህን ለመፈተን ብሎ እጅን ከመሪው ላይ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ሁለተኛው ሥራ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ በተራ መመርመር ነው። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ ከማይጠይቀው ይጀምራል።

1ኛ. የጎማ ነፋስ። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ይታይ። ልኩ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። በእጅ ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት ልኬት አይደለም።

2ኛ. የጎማው አካል። ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ ወይም እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ ያንቀጠቅጣል። ጎማው በቸርኬው ላይ በትክክል መቀመጡንም እንይ። ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ በጎማው ጎን ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት።

3ኛ. ራጂና ቸርኬ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ ነካ ነካ ማድረግ ነው። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው የታፈነ ድምፅ አለው። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ አንድ እንጨት ከቸርኬው አጠገብ ሳያነቃንቁ ይዞ ማሽከርከር ነው። ቸርኬው ወደ እንጨቱ እየቀረበ የሚሸሽ ከሆነ ተጣሟል። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ መቃናት አለበት።

4ኛ. የጎማ ኩሽኔታ። ጎማው ከመሬት እንደተነሣ ከላይና ከታች ይዞ ወደ ጎን መወዝወዝ ነው። ፔርኖው ላይ መላወስ ካለ፣ ወይም ሲሽከረከር የመፋጨት ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል።

5ኛ. የመሪው አንገት። የእኔ ጥፋት እዚህ ነበር። አንገቱ ውስጥ ከላይና ከታች ኩሽኔታ አለ፤ በብዙዎቹ የሥራ ሞተር ሳይክሎቻችን ላይ የብረት ኳሶች ናቸው። ለመመርመር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የፊት ጎማው ተነሥቶ አንዱ ሞተር ሳይክሉን ይያዝ። ሌላው ጎማውን የያዙትን ሁለት ዘንጎች ከታች ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋ፣ ይሳብ። «ቋ» የሚል መላወስ ካለ አንገቱ ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። መሪው መካከል ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርግ ጎድጓዳ ከተሰማ ኳሶቹ መቀመጫቸውን በልተውታል። ማጥበቅ አያድነውም፤ ኩሽኔታው ከነመቀመጫው ይቀየር።

የላላውን ስናጠብቅም ልክ አለው። መላወሱ ጠፍቶ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። ከመጠን በላይ የጠበቀ አንገት ሞተር ሳይክሉን ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ያደርገዋል፤ ኩሽኔታውንም ይጎዳል።

6ኛ. የኋላው ክፍል። የኋላ ጎማውን ይዞ ወደ ጎን በመወዝወዝ ጎማውን የያዘው ክንድ መላወስ አለመላወሱ ይታያል። ካቴና ሲጠበቅ ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ አለበለዚያ ጎማው ተጣሞ ይቆማል።

7ኛ. ጭነት። ከኋላ ጎማው ፔርኖ ወዲያ የታሰረ ዕቃ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል። የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ ቶሎ ይንቀጠቀጣል። አንድ ከረጢት ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው። እሱንና ሰውን ከኋላ አንድ ላይ መጫን ደህናውንም ሞተር ሳይክል ያሳምመዋል። እኔም በላላ አንገት ላይ ይህን ነው የጨመርኩት።

አንድ ነገር ላሳስብ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እናስተካክልና በዝግታ እንፈትን። ሁሉን አንድ ላይ ከነካካን የትኛው እንደፈወሰው አናውቅም።

በጉዞ ላይ ቢጀምርስ?

መሪውን ለመግታት ክንድን ማድረቅና የፊት ፍሬን በድንገት መያዝ አደጋውን ያብሳል። ሰርባቶዮውን በጉልበት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ሰውነትን ወደ ፊት ማምጣት፣ መሪውን ሳይለቁ ክንድን ማላላት፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ከቆምን በኋላ ሳንመረምር አንቀጥል።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤

ከአደጋው በኋላ አንገቱን የፈታው ሜካኒክ ደረቅና የዛገ ሆኖ አገኘው። ግራሶ መቼ እንደተቀባ የሚገልጽ መዝገብ አልነበረም። የነዳጅ መዝገብ ግን በየሊትሩ ተሞልቷል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል የጥገና ደብተር ይኑረው፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሰባት ነጥቦች በየወሩ ተመርምረው ይፈረምባቸው። «መሪው ይንቀጠቀጣል» ብሎ ያመለከተ ሠራተኛም ሥራ እንደሸሸ አይቆጠር። እኔ ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት አንዱ ምክንያት ይህን ፈርቼ ነው። ይህ ግን ከጥፋቴ ነጻ አያወጣኝም።

አባላትም ድርሻ አላችሁ። ከባለሙያ ኋላ ስትቀመጡ መንቀጥቀጡ ከተሰማችሁ ጠይቁ። «መንገዱ ነው» ካላችሁ ውረዱ።

ጋሼ ክንዳቸው ድኗል፤ ባለፈው መኸርም ራሳቸው አርሰዋል። አሁንም አብረን እንሄዳለን። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ጎንበስ ብለው የፊቱን ጎማ ያዩና «አንገቱን አይተኸዋል?» ይሉኛል። አይቼው ካልሆነ በእግራችን እንሄዳለን።