በገንዘብ ላይ የተጻፈ ቃል



ወደ ላስታ ወጥተው በላሊበላ ከተማ የብር መስቀልና የአንገት ጌጥ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ቢገቡ፣ ከጌጣ ጌጡ መካከል አንድ ትልቅ የብር ገንዘብ ያገኙ ይሆናል። ይህም አባቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ እያሉ ይጠሩት የነበረው ነው። በመዳፍዎ ላይ ቢያኖሩት ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። በአንድ ፊቱ አንዲት እመቤት፣ በሌላው ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር ተቀርጾበታል፤ በዙሪያውም ጽሑፍ አለ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጽሑፍ ነው። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው የጥንት ሮማውያንን ገንዘብ የሚያነብበትን መንገድ ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ የገዛ አገሩን የአክሱምን ገንዘብ ምሥጢር ይረዳል። የምጠራቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በጠገራ ብሩ ላይ ያለው ቋንቋ ላቲን ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አብዛኞቹ ቃላት በሙሉ አልተጻፉም፤ ከእነርሱ መጀመሪያ አንድ ወይም ጥቂት ፊደላት ብቻ ተወስደዋል። ሲዘረዘሩ በእመቤቲቱ በኩል «ማርያ ቴሬዝያ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት፣ የሀንጋሪያና የቦሄምያ ንግሥት» ይላሉ። በንስሩ በኩል የኦስትሪያና የሌሎች ግዛቶች ማዕርጎችዋ ተቈጥረው፣ በመጨረሻ 1780 የሚል ዓመት ይገኛል። በጠርዙም ላይ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚለው መፈክርዋ ተቀርጿል። «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚለው ቃል ነገሥታቶቻችን ይጠሩበት ከነበረው «ሥዩመ እግዚአብሔር» ጋር በአሳብ የሚቀራረብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገር ግን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ መመርመርም ያስፈልጋል። ንግሥቲቱ የቪየና ሰው ስትሆን፣ «የሮማውያን» የተባለችው ባልዋ በጀርመን አገሮች ላይ የተመሠረተው የቅድስት ሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ስለነበረ ነው። ዓመቱም ቢሆን አሳሳች ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ሲሆን፣ ነጋዴዎች የለመዱት መልክ እንዳይለወጥ ተብሎ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ይሠራ ነበር። በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ወስዶ ይህንኑ ገንዘብ በሮማ ከተማ አሠርቷል። እንግዲህ «የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት» ከሚለው ጠገራ ብር አንዳንዱ በእርግጥ የሮማ ሥራ ነው፤ ዓላማው ግን በጠርዙ ላይ ካለው ከፍትሕና ከርኅራኄ የራቀ ነበር።

«ንግሥተ ነገሥት» ብለን የተረጐምነው የላቲን ቃል «ኢምፔራትሪክስ» ነው። ወንዴው «ኢምፔራቶር» በጥንት ዘመን ድል ያደረገ የጦር አዛዥ የሚጠራበት ስም ነበር፤ በኋላ ግን የሮማ ቄሣሮች የዘወትር ማዕርግ ሆነ። በቄሣሮቹም ገንዘብ ላይ እንደ ጠገራ ብሩ ባጭሩ ተቈርጦ ይጻፋል። ለምሳሌ ከ98 እስከ 117 የነገሠው ትራያኖስ በገንዘቡ ላይ ስሙን፣ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች፣ ሊቀ ካህናትነቱንና ስንት ጊዜ ቆንስል እንደ ተባለ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር የሊቃውንት ትልቁ መሣሪያ ቍጥሩ ነው። ትራያኖስ ስድስተኛውን ቆንስልነት የያዘው በ112 ስለሆነ፣ «ለስድስተኛ ጊዜ ቆንስል» የሚለው ገንዘቡ ከዚያ ዓመት አስቀድሞ ሊሠራ አይችልም። በጀርባው ደግሞ ብዙ ጊዜ «የሮማ ሸንጎና ሕዝብ ለምርጡ መሪ» የሚል ቃል ይነበባል። ጋዜጣ በሌለበት ዘመን መንግሥት ለሕዝቡ የሚልከው አጭር ደብዳቤ ይህ ነበር።

ይህ የሮማ ገንዘብ ወደ እኛም ባሕር ደርሷል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈ አንድ የግሪክ ነጋዴ መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮማ ገንዘብ እንዳለበት ይገልጻል። ዛሬ በኤርትራ ባለችው በመጠራ በተደረገው ቍፋሮም 14 የሮማ የወርቅ ገንዘቦች ለአንገት ጌጥነት ተዘጋጅተው ተገኝተዋል። የላሊበላ አንጥረኞች ጠገራ ብሩን አቅልጠው መስቀል ሲሠሩበት እንደ ኖሩ ሁሉ፣ የሩቅ አገር ገንዘብን ጌጥ ማድረግ በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሦስተኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ገንዘብ አሠራ። የወርቁን ክብደት በሮማውያኑ ልክ አስተካከለ፤ ጽሑፉንም የባሕር ንግድ ቋንቋ በነበረው በግሪክ አደረገ። ሆኖም በግሪኩ ፊደል መካከል ግሪካዊ ያልሆነ ቃል ይገኛል፤ እርሱም «ቢሲ» የሚለው ነው። ይህ ቃል የእኛው ግዕዝ «ብእሲ» ሲሆን፣ ንጉሡ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለማመልከት የተጻፈ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው ንጉሥ ዋዘባ ደግሞ ስሙንና ንጉሥነቱን በግዕዝ አስቀረጸ። ፊደሉ ገና ካዕብና ሣልስ ስላልነበረው፣ ዛሬ የሚያነብ ሰው አናባቢውን ከራሱ መጨመር አለበት። ዔዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላም በጨረቃውና በክቡ ምልክት ፈንታ መስቀል ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በኋለኛው ዘመን በአክሱም የብርና የመዳቡ ገንዘብ ጽሑፍ ወደ ግዕዝ ሲመለስ፣ የወርቁ ግን በግሪክ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ከባዕድ ነጋዴ ጋር ይነጋገራል። በየመን በኤደን አካባቢ በተገኘ አንድ ድልብ ውስጥ የአክሱምና የሮማ ወርቅ ተደባልቆ ከሺህ በላይ ሆኖ መገኘቱ ይህን ያስረዳል። መዳቡ ግን በአገር ቤት ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፤ ስለዚህ ከሕዝቡ ጋር በሕዝቡ ቋንቋ ተነጋገረ። ገና በግሪክ በሚጻፍበት ጊዜ እንኳ በመዳቡ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት ነበረበት። ከመጨረሻዎቹ ነገሥታት አንዱ የሆነው አርማሕም ለሕዝቡ ደስታ ይሁን ሲል በግዕዝ አስቀርጿል። ሮማዊው ቄሣር በገንዘቡ ላይ የራሱን ማዕርግ ሲቈጥር፣ አክሱማዊው ንጉሥ ከማዕርጉ አጠገብ ሕዝቡን ማስቀመጡ ልንኰራበት የሚገባ ነው።

በሰባተኛው መቶ ዓመት ግን የአክሱም ገንዘብ መሠራቱ ቀረ። ታላቁ ንጉሥ ላሊበላ ዓለት ፈልፍሎ አብያተ ክርስቲያናትን ሲያሳንጽ በስሙ የተሠራ ገንዘብ አልነበረውም፤ ቃሉ የተቀረጸው በመንበረ ታቦቶቹ እንጨት ላይ ነው። ገበያውን የያዘው አሞሌ ጨው ሆነ፤ አሞሌ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለውም። ከብዙ ዘመን በኋላ ጠገራ ብሩ ሲመጣ፣ ጽሑፍ ያለበት ገንዘብ ወደ ላስታ ገባ፤ ግን ደብዳቤው ለሌላ የተጻፈ ነበር። ባላገሩ በእመቤቲቱ ራስና ደረት ላይ ያሉትን የሉል ነጥቦች እየቈጠረ፣ የጠፋ ነጥብ ያለበትን አልቀበልም ይል ነበር። ይህን ያደረገው አስተዋይ ስላልሆነ አይደለም፤ ቃሉ ስላልተነገረው በምልክቱ ፈረደ እንጂ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ስማቸውን በግዕዝ ያስቀረጹበትን ብር በፓሪስ ሲያሠሩም፣ ሕዝቡ ከለመደው ከማርትሬዛ በቀላሉ አልተለየም። በእኛ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ግን ጠገራ ብሩ ከገበያ እየወጣ ሄደ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመንግሥት ቢሮ የምትሠሩ ናችሁ። ከእጃችሁ የሚወጣው ደብዳቤና ማስታወቂያ በማኅተም ተከብሮ ወደ ሕዝብ የሚደርስ ስለሆነ ከገንዘብ ጽሑፍ የተለየ አይደለም። ባለጉዳዩ ማኅተሙን ብቻ አይቶ ቃሉን ሳይረዳ የሚመለስ ከሆነ፣ እኛም ነጥብ የሚያስቈጥር ጠገራ ብር ሰጠነው ማለት ነው። በሚገባው ቋንቋ ከጻፍንለት ግን የአክሱምን መዳብ ሥርዓት ተከተልን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በእርሻ ወይም በቤት መሠረት ቍፋሮ ጥንታዊ ገንዘብ ቢገኝ፣ ፊደሉ እንዳይጠፋ በአሸዋም በሎሚም አይታሸት፤ ለአንጥረኛም ለመንገደኛም አይሸጥ። ከየትኛው ቦታና ከምን ጋር እንደ ተገኘ ሳይነካካ ተጽፎ ለባህል መሥሪያ ቤት ይነገር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲነገር ያዛል። የቀለጠ ገንዘብ ጥሩ መስቀል ሊወጣው ይችላል፤ የተጻፈበት ቃል ግን ተመልሶ አይገኝም።